የነዶ ቤት ምሰሶ

ሄስተር ካትሞር መጀመሪያ የፈራችው በሩን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ ስትዘጋው የኖረችው የመኝታ ቤት በር፣ በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ጠዋት አልዘጋ አላት። በትከሻዋ ብትገፋው ላይኛው ጠርዝ ነክሶ ያዘ። እርጥበት አሳብጦት ይሆናል ብላ ተወችው። በሳምንቱ ግን በሩ ከላይ ሲጠብ ከታች አይጥ የሚያሾልክ ክፍተት አበጀ። እንጨት ሲያብጥ ዙሪያውን ያብጣል እንጂ ወደ አንድ ጎን አይንጋደድም። የተንጋደደው በሩ ሳይሆን ቤቱ መሆኑን ያኔ ጠረጠረች፤ ከዚያች ቀን ወዲያ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም።

ቤቱ «የስንዴ ነዶ» ይባላል፤ የመንደሩ ሰው አሳጥሮ «ነዶ» ይለዋል። በእንግሊዝ አገር፣ ዌነም በምትባል የሰፎክ አውራጃ መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የቆመ አሮጌ መጠጥ ቤት ነው። የሄስተር ባል ሩበን ከአባቱ ወረሰው፣ አባቱም ከአባቱ። መንገደኛ በገባ ቁጥር ቢራ እየቀዱ የቤቱን ታሪክ ማውራት ለሩበን ነፍሱ ነው።

«ጡብ አይታችሁ የጡብ ቤት እንዳይመስላችሁ» ይላል፣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «ጡቡ ኋላ የለበሰው ካፖርት ነው። ከሥሩ ያለው የኦክ ምሰሶና ማገር ነው፣ በጭድና በጭቃ የተመረገ። አንድ የሱፍ ነጋዴ ነው ያሠራው፤ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ጊዜ ፎቅ የለ፣ ጭስ ማውጫ የለ፤ ከመሬት እስከ ጣራ አንድ ባዶ አዳራሽ! እሳቱ መሃል ወለሉ ላይ ይነድዳል፣ ጭሱ በሣር ክዳኑ እንደፈለገ ይወጣል። ካላመናችሁ ጣራው ሥር ውጡና ወራጆቹን ዳሰስ አድርጉ፤ ጥላሸቱ ዛሬም እጅ ያጠቁራል።»

ከዚያ የነጋዴው ልጆች የጡቡን ጭስ ማውጫ አዳራሹ መሃል እንደገነቡት፣ ወለል አንጥፈው ፎቅ እንዳወጡ፣ ጠባቧን ደረጃ በጭስ ማውጫው ዙሪያ እንደጠመጠሟት፣ የልጅ ልጆቹ ሲደኸዩ ደግሞ ቢራ እየጠመቁ መሸጥ እንደጀመሩ ይተርካል። ማሳረጊያው ሁልጊዜ አያቱ ናቸው። «አያቴ ጆሳያ የመሃሉን ግድግዳ አፍርሰው ሁለቱን ክፍል አንድ ባያደርጉት፣ ይኼኔ ጉረኖ ውስጥ እንደታጎረ በግ እየተጋፋችሁ ነበር የምትጠጡት!»

ሄስተር ይህን ታሪክ ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። በዚያ ሚያዝያ ግን ባሏ የሚኮራበት የቤቱ ዕድሜ እሷን ያስበረግጋት ጀመር። አምስት መቶ ዓመት የቆመ ነገር አይደክመውም እንዴ?

ከበሩ ቀጥሎ ስንጥቁ መጣ። ከምድጃው ተነስቶ ክፍሉን ከሚያቋርጠው ትልቅ የእንጨት አግዳሚ የውጭ ግድግዳ ጫፍ ጀምሮ፣ እንደ ጅማት እየተጠማዘዘ እስከ ኮርኒሱ ዘለቀ። የሄስተር አባት ግንበኛ ነበር፤ ልጅ ሳለች ያሳያት ዘዴ ትዝ አላት። ቀጭን ወረቀት በስንጥቁ ላይ አግድም ለጠፈችና የፈረስ ሥዕል ሰቅላ ሸፈነችው። በዘጠነኛው ቀን ሥዕሉን ስታነሳ ወረቀቷ መሃል ለመሃል ተቀድዳ አገኘቻት። ባሏን ጠራችው።

«ሩበን፣ ቤቱ እየሄደ ነው» አለችው።

«ወዴት፣ ገበያ?»

«አትቀልድ። ወረቀቷን ተመልከት።»

ሩበን ወረቀቷን አየና አግዳሚውን በቡጢ ደለቀው። ሄስተር ሳታውቀው ወደኋላ ዘለለች። «አየሽ? ድንጋይ ነው። አሮጌ ቤት አሮጌ ሰው ማለት ነው፣ ሄስ። ወገቡን ያፍታታል፣ ያቃስታል። አያቴንም አባቴንም ቀብሮ ቆሟል፤ እኛንም ይቀብራል።»

«እኮ እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አለች።

በግንቦት ደግሞ ድምፁ ጀመረ። ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ጠረጴዛ ስትወለውል ከአግዳሚው ሆድ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ዝም ይልና እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ። በዚያ አገር ይህ ድምፅ የተሰማበት ቤት ሬሳ ይወጣበታል ይባላል። ልኳንዳ ነጋዴው ሆራስ ፐርኪንስ አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሰማውና ብርጭቆውን ከፍ አደረገ።

«የሞት ሰዓት ነው እሱ! በሉ ማነው ባለ ተራ? ሩበን፣ አንተ ከሆንክ ቢራውን ለኔ ተናዘዝልኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሄስተር ትሪዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና ሳቁ እስኪያልቅ ብርጭቆ አጠበች። የመንደሩን ሐኪም ብታማክር «ነርቭ ነው» ብሎ ክኒን ሰጣት። ክኒኑ አፏን አደረቀው እንጂ ፍርሃቷን አልነካውም። ቀን ቀን በምትሠራበት ሁሉ ዐይኗ ኮርኒሱ ላይ ነው፤ ሰው ፎቅ ላይ ሲራመድ እርምጃውን ትቆጥራለች።

ያንኑ ሰሞን አንድ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ያካፋ ነበር። ሽማግሌው አናጢ ኦቤድ ፍሊንት እንደ ወትሯቸው ግቢው ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዝናብ ይዝነብ በረዶ ይጣል፣ ቢራቸውን ውጭ እንጂ ቤት ውስጥ ጠጥተው አያውቁም፤ መንደሩም «ኦቤድ ቢራውን በዝናብ ይበርዛል» እያለ ሲስቅ ነው የኖረው። ሄስተር ብርጭቆውን አመጣችላቸው።

«ሚስተር ፍሊንት፣ ይግቡ እንጂ። ኮትዎ እኮ ረጠበ።»

«ኮት ይደርቃል፣ ልጄ።» ሽማግሌው ወደሷ አላዩም፤ ዐይናቸው የቤቱ ጣራ ላይ ነበር። «የመኝታ ቤትሽ በር አልዘጋ አለሽ አይደል?»

ሄስተር ክው አለች። ስለ በሩ ከሩበን በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም። የላዩ መስኮት ወደ ግራ ተንሻፏል፣ ጣራውም መሃሉ ላይ ሰርጎድ ብሏል። ካቻምና እንዲህ አልነበረም።» ብርጭቆውን ሳይቀምሱት መሬት ላይ አስቀመጡት። «ቁጭ በይ። ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም።»

እርጥቡ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። የዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመት፣ ንጉሡ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ ጆሳያ ካትሞር ለበዓሉ ድግስ ሁለቱን ክፍል አንድ ማድረግ ፈለገ። ኦቤድ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ ሚስታቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። ግድግዳው ጭቃ ነውና በአንድ ቀን ፈረሰ። መሃሉ ላይ ግን ምሰሶ ቆሞ ነበር።

«አንድ ዛፍ ነው፣ ልጄ። ሳይቀጠል ከመሠረቱ ድንጋይ እስከ ጣራው የወጣ አንድ ዛፍ። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። 'ይኼ አይነካም' አልኩት። ጆሳያ 'አንተ ካልቆረጥከው የሚቆርጥ አይጠፋም' አለኝ። ቆረጥኩት። ከፎቁ ወለል በታች ያለውን አነሳሁና የቀረውን አግዳሚ ላይ አሳረፍኩት። የአግዳሚው አንድ ጫፍ ጭስ ማውጫው ላይ ነው፣ አንዱ ጫፍ ውጭው ግድግዳ ላይ። 'ለበዓሉ ብቻ ነው፣ ኋላ የብረት ምሰሶ እናቆማለን' አለ። ከበዓሉ በኋላ ኮርኒስ መረገበትና ረሳው። እኔ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ እዚያ አግዳሚ ሥር ቁጭ ብዬ የወረደልኝ አንድ ጉንጭ ቢራ የለም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ሃምሳ አምስት ዓመት!»

«በፊት ፈራሁ። ኋላ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ሳይወድቅ ሲቆይ፣ እግዜር ይቅር ብሎኛል አልኩ።» ዐይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ያ ቀጭ ቀጭ የሚልሽ የሞት ሰዓት አይደለም። ጥንዚዛ ነው። ደረቅ ኦክ አይበላም፤ ውሃ የገባበትን ፈልጎ ነው የሚበላው። የጣራሽ አሸንዳ በዚያ ጥግ ያፈስሳል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው የአግዳሚው ጫፍ በስብሷል። ቤቱ የቆመበት ጫፍ እሱ ነው።»

ሄስተር ለመጀመሪያ ጊዜ እብድ አለመሆኗን አወቀች። አላጽናናትም፤ ፍርሃቷ ሥጋና አጥንት አበጀ እንጂ። «ምን ይጥለዋል ሚስተር ፍሊንት? ምን ሊጥለው ይችላል?»

«ጭፈራ» አሉ ሽማግሌው። «ፎቁ ላይ ብዙ እግር በአንድ ጊዜ።»

የሆራስ ልጅ አይቪ የምታገባው በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር። ስድሳ እንግዳ፣ ፎቁ ላይ ባለው የድግስ አዳራሽ፣ ምሳና ጭፈራ።

ሩበን ሲነገረው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አያቴን ቤት አፍራሽ ልታደርጊያቸው ነው? ያ ሽማግሌ እኮ ጃጅቷል!» ሆኖም ያን ዕለት ጠዋት አዲስ የለጠፈችው ወረቀት እንደገና ተቀድዶ ስለነበር ድምፁ እንደ በፊቱ አልጠነከረም። ከሰርጉ በኋላ ሰኞ ባለሙያ እንደሚያመጣ ማለላት። ሄስተር ወደ ሆራስ ሄደች። ሆራስ የበግ ጎድን እየሰነጠቀ አዳመጣትና መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካ።

«አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ። እንደ ዶሮ ግቢ ውስጥ ልዳራት? ጥንዚዛ ፈርታችሁ? ክኒንሽን ዋጪ፣ የኔ እመቤት።»

ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋቱን ካፍቶ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣች። ሽማግሌው ኦቤድ ሁለት ወፋፍራም አጣናና አንድ ኬሻ የእንጨት ሽብልቅ በጋሪ እየገፉ መጡና በሩ አጠገብ አቆሙት። የሰርጉ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እየሳቁ ተሻገሩ፤ በጠባቧ ደረጃ አንድ በአንድ ወጡ። ሄስተር ቆጠረቻቸው። ስድሳ ሦስት ናቸው፤ ሰባቱ ሕፃናት፣ አንዷ በከዘራ የምትሄደው የሆራስ እናት። ሥጋውንና ድንቹን ስታመላልስ አዳራሹ ውስጥ ተረከዟን አታሳርፍም። «ምነው ሄስተር፣ ሕፃን ተኝቷል እንዴ?» አላት አንዱ፤ ሳቁባት።

ምሳው አለቀ። አኮርዲዮን ተነፋ። ሄስተር ያን ጊዜ ታች ባንኮኒው ጋ ነበረች። የመጀመሪያው ዙር እግር ወለሉን ሲመታ፣ የሞላችው የቢራ ብርጭቆ ላይ ነጭ አቧራ ቡን ብሎ ረገፈ። ቀና አለች። የፈረሱ ሥዕል ግድግዳው ላይ ጠምሟል። ከሥዕሉ በላይ፣ አግዳሚው ግድግዳው ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ ቅድም ያልነበረ ጥቁር መስመር ታየ። ጣት ያስገባል። ከውስጡ እርጥብ ገለባ ሲቀደድ የሚመስል ስስ ድምፅ መጣ።

በመስኮቱ ሽማግሌው ኦቤድ ብድግ ማለታቸውን አየች። አጣናቸውን ጎትተው፣ ለሃምሳ አምስት ዓመት ያልረገጡትን ደጃፍ ተሻግረው ገቡ።

«ሩበን! ና ይህን ያዝ!» አሉ። ሩበን ከጓዳ ወጥቶ «ምን እየሠሩ ነው?» ሊል ሲል ጥቁሩን መስመር አየ። ከንፈሩ አመድ ሆነ። አጣናውን ተቀብሎ አግዳሚው ሥር አቆመው። ሽማግሌው ተንበርክከው ሽብልቁን ከሥሩ በመዶሻ ይመቱ ጀመር።

«ልጄ፣ አውርጃቸው። እንዳይሮጡ ግን! ከሮጡ ያለቀልን ነው። 'ቤቱ ሊወድቅ ነው' ያልሽ ለታ ደረጃው ላይ ይረጋገጣሉ። ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ።»

«ምን ልበላቸው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣች ኋላም አላስታወሰችም። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ሙሽራዋ ትሽከረከራለች፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ወለሉ እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሁሉም ይህ የጭፈራው ሙቀት መስሎታል። ሄስተር መሃል ገብታ እጇን አኮርዲዮኑ ላይ አሳረፈች። ሙዚቃው ተንፍሶ ቆመ። ስድሳ ሰው አያት። ፊቷን በግድ ፈታችው።

«ፀሐይ ወጥታለች!» አለች። «ፎቶ አንሺው ሳትሸፈን በፊት ሁሉንም ሰው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በአንድ ላይ ላንሳ ብሏል። ሕፃናትና እናቶች ቅድሚያ። በእርጋታ፣ ቀሚስ እንዳትረጋገጡ፤ ደረጃዋን ታውቋታላችሁ።»

ፎቶ አንሺው ግቢ ውስጥ ሲጋራውን እያጨሰ ነበር፤ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰው ግን አመነ። ሴቶቹ ባርኔጣቸውን እያቃኑ፣ ሕፃናቱን እየጎተቱ መውረድ ጀመሩ። ሄስተር ደረጃው አፍ ላይ ቆማ እያንዳንዱን በትከሻው ነካ እያደረገች ታሳልፋለች። አምስት። አሥራ ሁለት። በጫማዋ ሥር የመዶሻው ምት ይሰማታል፤ በሁለቱ ምት መካከል ደግሞ ያ የገለባ ድምፅ። ሃያ ሦስት። ለምን እንዲህ ይዘገያሉ? ለምን ይሳሳቃሉ?

ሆራስ አልተነሳም። «ገና ንግግር አላደረግሁም! ፎቶው ይቆይ! ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ!» ግማሹ ሰው ተመልሶ መቀመጥ ጀመረ። ሄስተር አጠገቡ ሄዳ ጎንበስ አለች፤ ለሌላው ሰው ፈገግታ እንዲመስል ጥርሷን ገልጣ ጆሮው ሥር ተነፈሰች።

«ሆራስ፣ ወለሉ እየወረደ ነው። አሁን። ሩበን ታች በአጣና ይዞታል። ከጮህክ ልጅህ ትሞታለች።»

የሆራስ ፊት እንደ ሞራ ነጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ዐይኗን ዐይቶ አመነ። ብድግ አለና «በሉ፣ ንግግሩ ውጭ ነው! እማዬ፣ ነይ ልሸከምሽ፣ እንደ ሙሽራ!» አለ፤ አሮጊቷን ከነከዘራዋ አቀፈ። ሰው ሳቀና ተከተለው። ድምፁ መንቀጥቀጡን ያወቀችው ሄስተር ብቻ ናት።

ሃምሳ አንድ። ሃምሳ ስምንት። ኮርኒሱ ቁራጭ ጣለ፤ ኬኩ ላይ ወደቀ። የመጨረሻዎቹ አምስት ወጣቶች ይህን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ። «ሂዱ» አለቻቸው፤ «ቀስ።» ስድሳ ሦስተኛው ሲያልፍ አዳራሹ ባዶ ሆነ፤ የተጋደሙት ብርጭቆዎች ያለ ነካኪ በጠረጴዛው ላይ ወደ አንድ ጥግ መንከባለል ጀመሩ። ሄስተር የጭስ ማውጫውን ጡብ እየተደገፈች ወረደች። አምስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ጥይት የመሰለ ነገር ጮኸና ጭስ ማውጫው በመዳፏ ሥር ዘለለ።

«ውጪ!» የሩበን ድምፅ ነው።

አቧራ ውስጥ አየቻቸው። አንደኛው አጣና ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል፤ ሽማግሌው ሁለተኛውን በደረታቸው ደግፈው ይዘዋል። «ውሰዳት ሩበን! እኔን ተወኝ!» ይላሉ። ሩበን አልተዋቸውም። ከጀርባቸው በወገባቸው ያዛቸውና እንደ እህል ጆንያ ነቅሎ ጎተታቸው፤ ሄስተር ኮታቸውን ይዛ ሳበች፤ ሦስቱም በደጃፉ ተንከባልለው ጭቃው ላይ ወደቁ። ከኋላቸው አግዳሚው ወረደ። ከአግዳሚው ጋር የተቆረጠው ምሰሶ፣ ከምሰሶው ጋር ፎቁ፣ ጠረጴዛው፣ አኮርዲዮኑ፣ ግማሽ ጣራው። ድምፁ ረጅም ነበር። ሲያበቃ የአምስት መቶ ዓመት ጥላሸት እንደ ጥቁር ደመና ወጥቶ የሙሽራዋን ነጭ ቀሚስ አለበሰው።

ከዚያ እናቶች የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ይቆጥሩ ጀመር። ሄስተርም ቆጠረች፣ ሁለት ጊዜ። አንድም አልጎደለም። የሽማግሌው ኦቤድ ግራ ክንድ ተሰብሯል፤ ሌላ ጉዳት የለም። ሐኪሙ ክንዳቸውን ሲያስር ለተሰበሰበው ሰው ከፍ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ምሰሶውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስሙኝ፣ ሁላችሁም። እኔ ነኝ።»

ሩበን አፉ ውስጥ የገባውን አቧራ ተፍቶ ተነሳና አጠገባቸው ቆመ። «ያስቆረጡት ደግሞ አያቴ ናቸው» አለ። «ቅድም እርስዎ ለዚህ ቤት ሊሞቱ ነበር። ይብቃዎት።»

ቤቱን መልሶ ማቆም አሥራ አራት ወር ፈጀ። ጭስ ማውጫውና ደረጃው እንደቆሙ ነበሩ፤ የቀረው በአዲስ ኦክ ተሠራ። ሽማግሌው ጋሪያቸው ላይ ተቀምጠው ወጣቶቹን አናጢዎች ሲቆጡ ዋሉ። አዲሱ ምሰሶ ክፍሉ መሃል ቆመ፤ ሰው ሁሉ ትሪ ይዞ ሲያልፍ ይጋጨዋል፣ ይሰድበዋል። ሩበንና ሄስተር ግን ፎቁ ላይ መኖር አልቻሉም፤ ከልኳንዳው ጎን አንዲት ፎቅ የሌላት ቤት ተከራዩ። ሩበን ለእንግዳ ታሪክ መተረኩን ተወ። የሚጠይቅ ከመጣ ሄስተር ትነግረዋለች፤ የተቆረጠውንም ምሰሶ ሳትዘልል።

«ነዶ» እንደገና በተከፈተበት እሑድ እኩለ ቀን፣ ሰው ጢም ብሎ ሲጠጣ፣ ከወለሉ በታች ባለው የበርሜል ማስቀመጫ ውስጥ አንድ በርሜል ከመደርደሪያው ወድቆ ድው አለ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ብርጭቆ ያነሳ እንዳነሳ፣ ሆራስ አፉን እንደከፈተ ቀሩ፤ ሁሉም ዐይን ሄስተር ላይ ነበር። እሷም ትሪዋን ሳታስቀምጥ ጆሮዋን አቁማ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ደህና ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሰዎቹ ተነፈሱ፣ ጠጡ፤ የሳቀባት ግን አልነበረም።